ቴሌቪዥናችንን ሳያገናኝ የሄደው ጋሸ ሲሳይ

ጋሸ ሲሳይ ሰኞ ዕለት ከቤታችን ሲወጣ «ሐሙስ እመጣለሁ» ብሎ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ሞተ።

የነገረኝ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነው። የሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ ደወል ደውሎ ወደ እኔ መጣና ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። «መምህርት፣ ሲሳይ ቲቪ አርፏል» አለኝ። ሰቆጣ ውስጥ ሲሳይ የሚባል ሰው ብዙ ነው፤ እሱን የምንለየው በሥራው ነበር። ሱቁን ከፍቶ፣ ደጃፉ ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ፣ ጭኑ ላይ የተፈታ ሪሞት እንደያዘ ነው አሉ ያገኙት። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። በልቤ «የእማየ ቴሌቪዥንስ?» ነው ያልኩት።

ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም። እማየ ዓይኗ እየደከመ ነበር። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ብርሃኗ ከሚቀጥለው ክረምት የሚያልፍ አይመስለኝም ብሎኛል። ያ ቴሌቪዥን ደግሞ ለወሬና ለድራማ የተገዛ አይደለም። አባቴን ልታይበት ነው።

አባቴ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ደብር መሪጌታ ነበር። ከሞተ በኋላ የቀረን አንድ የመታወቂያ ፎቶ ነው፤ እሱም ላይ የተቆጣ ይመስላል። እኔ ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄጄ ሳለ ግን አንድ ጓደኛዬ ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ቪዲዮ በስልኩ አሳየኝ። የእኛ ደብር ጥምቀት ነው፣ አባቴ ሊሞት ሲል የመጨረሻው፣ እኔም እማየም ያልነበርንበት፤ አባቴ መሐል ላይ ቆሞ ወረብ ይመራል። ማን እንዳነሳው አይታወቅም፤ የሆነ መንገደኛ ቱሪስት ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ቤት መጥቼ ለእማየ በስልኬ ላሳያት ስሞክር ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አስጠግታ፣ «ነጭ ነገር ይንቀሳቀሳል፤ መሪጌታ የትኞቹ ናቸው?» አለችኝ። ድምፁም የስልክ ድምፅ ነው፤ ከከበሮው በስተቀር ምንም አይሰማም። በማግስቱ ትልቅ፣ ከዋይፋይ ጋር የሚገናኝ ቴሌቪዥን ለመግዛት ወሰንኩ። ከባሕር ዳር በአውቶቡስ፣ በጋቢ ጠቅልዬ፣ እንደ አራስ አቅፌ አመጣሁት።

እሱን የሚያገናኝልን ደግሞ ከጋሸ ሲሳይ ሌላ ማንም ሊሆን አይችልም ነበር። ብቻ በእሱና በአባቴ መካከል የቆየ ነገር አለ።

ጋሸ ሲሳይ የዚያው ደብር ልጅ ነው። ክርስትና ያነሳው አባቴ ነው፤ ዜማ ያስተማረውም አባቴ ነው። እኔ ሳልወለድ እኛ ቤት እየበላ፣ እኛ ቤት እያደረ ነው የተማረው። ከተማሪዎቹ ሁሉ ድምፁ የሚያምረው እሱ እንደነበር እማየ ትናገራለች። አባቴ ሲያስተምር ተራው የደረሰውን ተማሪ በስሙ አይጠራም፤ የመቋሚያውን ራስ ወደ እሱ ዘንበል ያደርጋል። ልጁ ያን አይቶ ዜማውን ይቀበላል። በልጅነቴ ግቢያችን ውስጥ ይህን ሳይ ነው ያደግሁት፤ ያች መቋሚያ ዘንበል ባለች ቁጥር ተማሪው ሁሉ እኔ በሆንኩ ብሎ አንገቱን ያሰግግ ነበር።

ጋሸ ሲሳይ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው አንድ ሰው የጣለውን ሬዲዮ ፈትቶ ገጠመ። ሬዲዮው ሠራ። ከዚያ ወዲያ ልቡ ወደ ዜማው አልተመለሰም፤ ትምህርቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ትቶ ከተማ ገባ። አባቴ «ድምፁን ለሽቦ ሰጠው» አለና ከዚያ በኋላ ስሙን አላነሳም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ጋሸ ሲሳይ ጉልበት ሊስም ጎንበስ ይላል፤ አባቴ ትከሻውን ነካ ያደርገውና ፊቱን አዙሮ ያልፋል። እንዲህ ሆነው ኖሩ። አባቴ በሕይወት እስካለ ድረስ ቤታችን ጣራ ላይ አንቴና አልወጣም። እማየን ከሐዘኑ እኩል ያቃጠላት ይኼው ነበር፤ «መሪጌታ በልጃቸው ላይ ቂም ይዘው ሞቱ» ትላለች፣ ሌሊት ለጸሎት ስትነሳም ቀን ጥጥ ስትፈትልም።

እኔ ጋሸ ሲሳይን ያወቅሁት በዘጠናዎቹ ነው፣ ከተማው ውስጥ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት በጣት ይቆጠር በነበረበት ጊዜ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ኮት የሚለብስ ሰው ነበር። ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ የሚገኙት ሁለት ነገሮች መፍቻና የወይራ መፋቂያ ናቸው፤ አንዳንዴ ሲቸኩል መፋቂያውን ብሎን ላይ ያደርግና በራሱ ይስቃል። ጎረቤታችን ጣራ ላይ ወጥቶ አንቴና ሲያዞር «አሁንስ?» ብሎ ይጮሃል። ከውስጥ ያሉት «ይዘንባል!» ይሉታል፤ መስታወቱ ላይ ነጠብጣቡ ይወርዳል ማለታቸው ነው። አንድ ጊዜ እኔ ተሰላችቼ ሳይጠራ «ጠርቷል!» አልኩት። ወርዶ አየው። አልተቆጣኝም። «ልጄ፣ እኔ ጣራ ላይ ሆኜ ያለኝ ያንቺ ዓይን ብቻ ነው» አለኝና ተመልሶ ወጣ። ዛሬ ተማሪዎቼ ሳይገባቸው «ገብቶናል» ሲሉኝ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ።

አንድ የማይለቀው ልማድ ነበረው። የማንም ቤት ሲገባ «እዚህ ቤት ትልቅ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። ባለቤቱ «እኔ ነኝ» ቢለው አይሰማውም፤ ጓዳ ያሉትን ባልቴት፣ አልጋ ላይ የዋሉትን አረጋዊ አስመጥቶ ከቴሌቪዥኑ ፊት ያስቀምጣል። አገናኝቶ ሲጨርስ የመጨረሻዋን ቁልፍ እሱ አይነካም። ሪሞቱን ለትልቅየው ሰው ይሰጥና «ይቺን ይጫኑ» ይላል። ኽምጣኛ ብቻ ለሚናገሩት በኽምጣኛ ያስረዳል፤ ሦስት ጊዜም አራት ጊዜም ይደግማል። አንዴ «ምን ያደክምሃል? ልጆቹ ያሳዩአቸው የለም?» አልኩት። «ልጆቹማ ለራሳቸው ይከፍታሉ» አለኝ። «ትልቅ ሰው እንግዳ መሆን የሚጀምረው ከገዛ ቤቱ ነው።»

ሌላው ነገሩ ዝምታው ነው። ከደብሩ ከወጣ ወዲያ እዚህ ከተማ ውስጥ ሲያዜም የሰማው ሰው የለም። ሌላው ባለሙያ ሥራ ላይ ያንጎራጉራል፣ ያፏጫል፤ እሱ ምንም። ቤተ ክርስቲያን ሲመጣም ወደ ውስጥ አይገባም፤ ከቅጥሩ ጥግ ቆሞ አስቀድሶ ይሄዳል። ሰው ኩራት ይለዋል። እማየ ግን «ኩራት አይደለም፤ ቢከፍተው መዝጋት ስለማይችል ነው» ትል ነበር።

ከአንቴና ወደ ዲሽ፣ ከዲሽ ደግሞ በሁለት ሺዎቹ መጨረሻ ወደ ዋይፋይ ተሻገርን። እሱም አብሮን ተሻገረ። ዋይፋይ ግን አንድ ችግር ይዞ መጣ፦ የይለፍ ቃል። ሰው ያወጣል፣ ይረሳል፣ ጋሸ ሲሳይን ይጠራል። ቢቸግረው አንድ መላ መታ። «የክርስትና ስምህን አድርገው» ይል ጀመር። «አትረሳው፤ ጎረቤትህ አያውቀው።» በእኛ አገር ይህን የሚያህል ምስጢር ከየት ይመጣል? የክርስትና ስሙን መተት እንዳይሠሩበት ብሎ ከሚስቱ የሚደብቅ ሰው አለ። ሰፈሩ ሁሉ ተደሰተ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ኢንተርኔቱ እንደ ኤሊ መጎተት ጀመረ። ሰው ጋሸ ሲሳይን ወቀሰ። እሱ ስልኩን ይዞ አጥር ለአጥር ሲዞር ዋለና መጨረሻ ላይ የሰፈሩ ሁሉ ንስሐ አባት ከሆኑት ቄስ ግቢ ደረሰ። የቄሱ ልጆችና የልጅ ልጆች፣ አንዱ በአንዱ ቤት፣ ሌላው በሌላው ቤት ኔትወርክ ገብተው ተመቻችተው ተቀምጠዋል። የሁላችንም የክርስትና ስም እዚያ ቤት ነው ያለው። ቄሱ ተጠየቁ። «የእነ እገሌ ክርስትና ስም ማነው፣ የእነ እገሌስ እያሉ ሲጠይቁኝ፣ ልጆቼ ለጎረቤት መጸለይ ጀመሩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» አሉ።

እኛ ስቀን ልንሞት ነው። ጋሸ ሲሳይ አልሳቀም። የሰውን ምስጢር በር ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ ብሎ በየቤቱ እየዞረ፣ ይቅርታ እየጠየቀ ቀየረ። ከዚያ በኋላ ምክሩም ተለወጠ። «የራስህን ሳይሆን በልብህ የምታስበውን ሰው ስም አድርገው፤ ለእኔም በጆሮዬ ንገረኝ» ይል ነበር። እሱ በላቲን ፊደል ይጽፈዋል፤ ሁሉንም በትንንሹ፣ ሳይነጣጥል። ለሁሉም ቤት ሕጉ ይኼው ነበር።

እንግዲህ ሰኞ ዕለት እኛ ቤት መጣ። ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆመ፤ አባቴ ሲሞት ለለቅሶ ከመምጣቱ በቀር ትምህርቱን ከተወ ወዲህ ደፍሮ ገብቶ አያውቅም። ከዚያ እንደ ልማዱ «እዚህ ቤት ትልቅ ማነው?» አለ። እማየ ሳቀች። «አንተ እያወቅህ!» አለችው። ወንበሯን ከቴሌቪዥኑ ፊት አደረገላት።

ሲሠራ ስለ ቪዲዮው ነገርኩት። «ዘጠኝ ደቂቃ ናት» አልኩት።

«አስር ልትሞላ ጥቂት ነው የሚቀራት» አለኝ ገመዱን እየሰካ። እኔ የማራዘሚያውን ሶኬት ስፈልግ ስለነበር ነገሩ በጆሮዬ አለፈ።

ሞደሙን አስተካክሎ ሲጨርስ ወደ እማየ ዞሮ ተንበረከከ። «እትየ፣ እንግዲህ ቃሉን ይስጡኝ። በልብዎ የሚያስቡትን ሰው ስም።»

እማየ ራሱን ሳብ አድርጋ በጆሮው አንሾካሸከች። ጋሸ ሲሳይ አልተነሳም። እጁን መሬት ላይ አሳረፈ። «እስካሁን ያስታውሱታል?» አላት በመጨረሻ።

«በየሌሊቱ ስጠራው እንዴት እረሳዋለሁ?» አለችው። ከዚያ አላስችላት አለና ያንን የዘወትር ነገሯን አነሳች። «ብቻ መሪጌታ ቂም እንደያዙ ሄዱብኝ፤ እኔን የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።»

ጋሸ ሲሳይ ቀና ብሎ አያት። «እሱን ሐሙስ እንነጋገራለን፣ እትየ» አለ። ቃሉን ሞደሙ ላይ ጻፈ። ቴሌቪዥኑን ሊያገናኝ ሪሞቱን ሲያነሳ መብራት ጠፋ። ሻይ ጠጥቶ ጠበቀ፤ አልመጣም። ኮቱን አራገፈና ሐሙስ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

እኔ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ማክሰኞ መብራት ሲመጣ፣ እማየ በየሌሊቱ የምትጠራው የማንን ስም ሊሆን ይችላል ብዬ፣ በቀብሩ ጊዜ የሰማሁትን የአባቴን የክርስትና ስም በጋሸ ሲሳይ ሕግ ጻፍኩት። «የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም» አለኝ። የእኔን ሞከርኩ፤ አይደለም። የእማየን ሞከርኩ፤ አይደለም።

«ታዲያ የማን ነው?» አልኳት ተናድጄ።

«የሰው ክርስትና ስም በሰፈር አይጠራም» አለችኝ። «ሐሙስ እመጣለሁ ብሏል። ጠብቂው።»

ረቡዕ የሆነውን ነግሬያችኋለሁ። የዚያኑ ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበርነው። የመጣው ሰው ብዛት ሌላ ነው፤ ከጽጽቃና ከፃግብጂ የመጡም ነበሩ። ከፊት የቆሙት አብዛኞቹ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ናቸው። እማየን ክንዷን ይዤ ቆሜያለሁ። ካህኑ በፍትሐቱ መሐል «ነፍሰ ገብርከ» ብለው የክርስትና ስሙን ጠሩ።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ አንደኛ እማየ አትወድም፣ ሁለተኛ የቄሱ ልጆች ያነቡት ይሆናል። ስሙ ሲጠራ እማየ እጄን ጭምቅ አደረገችው። ያኔ ገባኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሌሊቱ የጠራችው እሱን ነው። ሰኞ ዕለት በጆሮው የነገረችው የገዛ ስሙን ነው።

ቤት እንደገባን ቴሌቪዥኑን እንደምከፍት አውቃለች መሰለኝ፣ ቀደመችኝ። ነጠላዋን አውጥታ አለበሰችው። «አርባው ሳይወጣ አይከፈትም» አለች።

«እማየ፣ የሥጋ ዘመዳችን እኮ አይደለም።»

«ክርስትና ያነሱት ልጅ ከሥጋ ልጅ ያንሳል?»

ለሐዘን ቴሌቪዥን እንደማይከፈት የማላውቅ ሆኜ አይደለም። ግን ሐኪሙ ያለኝን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሦስት ሳምንት ያህል ዋጥኩት፤ አንድ ቀን ሹራቧን በቀለሙ መለየት አቅቷት በእጇ ስትዳስስ ሳያት ግን ነገርኳት። «ዓይንሽ አርባ ቀን ላይጠብቅሽ ይችላል» አልኳት እያለቀስኩ። እማየ ሹራቧን ለበሰች፤ ቁልፉን አንድ በአንድ ቆለፈች። «አውቃለሁ» አለች። «መሪጌታን ብዙ ዘመን አይቻቸዋለሁ። እሱ ግን የሚያዝንለት ሚስትም ልጅም የለውም። እኛም ካላዘንንለት ማን ሊያዝንለት ነው?» ከዚህ በኋላ አልተከራከርኩም። ቀኖቹን ግን እቆጥር ነበር፤ በየቀኑም ከእሷ አንድ ነገር ሲጎድል አያለሁ።

አርባው ወጣ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እማየ በእጇ ዳብሳ ነጠላውን አነሳች። ወንበሯን ጋሸ ሲሳይ ያስቀመጠበት ቦታ አደረግሁላት። ስሙን ጻፍኩ፤ ሁሉንም በትንንሹ፣ ሳይነጣጠል። ከዚያ ሪሞቱን ሰጠኋትና ጣቷን ቁልፉ ላይ አደረግሁላት። «ይቺን ተጫኝ» አልኳት። ተጫነች። «ተገናኝቷል» አለ።

ቪዲዮውን ፈልጌ ከፈትኩ። ዘጠኝ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ይላል።

አባቴ ግድግዳውን ሞልቶ ቆመ። «ይታይሻል?» አልኳት። «ጥላ ነው» አለች በቀስታ። «ነጭ ጥላ። ቁመታቸው ግን የእርሳቸው ነው።» እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ። ዘገየን፣ ዘገየን እያልኩ ነው የማለቅሰው። እማየ ግን አንገቷን ወደ ቴሌቪዥኑ አስግጋ፣ አፏን በመጠኑ ከፍታ ታዳምጣለች። ትልቁ ድምፅ ማጉያ ከበሮውን ከሰው ድምፅ ለይቶ ያወጣዋል፤ በስልክ እንዲህ አልነበረም።

«ይሄ ቅርብ ያለው ማነው?» አለችኝ።

«የቱ?»

«ከእርሳቸው ጋር ሳይሆን እዚህ፣ እኛ ዘንድ ሆኖ በቀስታ የሚያዜመው። ስሚ።»

ሰማሁ። ምስሉን የሚያነሳው ሰው ነው። ካሜራው በትንፋሹ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እሱ ከወረቡ አንዲት ቃል ሳይዘል ከአባቴ ኋላ ኋላ በጉሮሮው ይከተላል። መንገደኛ ቱሪስት ይህን ከየት ያውቀዋል?

«ሲሳይ ነው» አለች እማየ። «ድምፁን የት አባቴ እረሳዋለሁ።»

ስድስተኛው ደቂቃ ላይ አባቴ ይዞርና በቀጥታ ወደ ካሜራው ያያል። ይህን በስልክም አይቼው ነበር፤ መቋሚያውን ሲያንቀሳቅስ «ዞር በል» ያለው መስሎኝ አልፌዋለሁ። አሁን በትልቁ አየሁት። ጥቂት ያየዋል። ከዚያ የመቋሚያውን ራስ ዘንበል ያደርጋል። ካሜራው ይንቀጠቀጣል፤ ያ በጉሮሮ የነበረው ድምፅ ተከፈተና ዜማውን ተቀበለ። እንዲያ ያለ ድምፅ በሕይወቴ አልሰማሁም።

እማየ ወንበሯን ይዛ ብድግ አለች። «መሪጌታ አሁን ምን እያደረጉ ነው? አይታየኝም፤ ንገሪኝ።»

«መቋሚያውን ዘንበል አደረገ።»

«ወደ ማን?»

«ወደ ጋሸ ሲሳይ።»

ተቀመጠች። ቪዲዮው እስኪያልቅ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ሲያልቅ ሪሞቱን በዳበሳ አግኝታ እጄ ላይ አደረገችው።

«ሐሙስ እንነጋገራለን ያለኝ ይሄን ነበር» አለች። «ድገሚው።»